የተቋረጠ ፔል ግራንት እንዴት ተመለሰ

የአንዲት ተማሪ አማካይ ውጤት 2.6 ሆኖ ሳለ ፔል ግራንት የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የኮሌጅ እርዳታ ተቋረጠባት። ችግሩ ነጥቡ ላይ አልነበረም፤ ከተመዘገበችባቸው 40 ክሬዲቶች ያለፈችው 24ቱን ብቻ ነው፣ 60 በመቶ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች 67 በመቶ ይጠይቃሉ። በ«ደብልዩ» (W፣ ተማሪው መሃል ላይ ያቋረጠው) የተተወ ኮርስ ነጥብ ባይቀንስም እዚህ ላይ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል፤ ብዙ ልጆቻችንን የሚጎዳው ይሄ ነው።

መፍትሔው ትራንስክሪፕቱ ላይ ተገኘ፦ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ «ኢንኮምፕሊት» (ያልተጠናቀቀ) ተብሎ ቀርቷል። ቀሪውን ፈተና ወስዳ አለፈች፤ መምህሩ ውጤቱን ለሬጅስትራር አስገባ። 27 ለ40 ሲካፈል 67.5 በመቶ መጣ። ሲስተሙ ራሱ ላያስተካክለው ስለሚችል ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ እርዳታ) ቢሮ «እንደገና ይሰላልኝ» ብሎ በኢሜይል መጻፍ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ኮርስ ከሌለ ይግባኝ ነው፦ ምን እንዳጋጠመ ከነማስረጃው፣ አሁንስ ምን እንደተለወጠ። ሁለተኛውን የዘለለ ደብዳቤ አይበቃም።