ከፍለው የገዙትን አልጋ ሳይተኙበት መውረድ፦ በረጅም የቢዝነስ ክላስ በረራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ በቢዝነስ ክላስ በርራለች፤ ያንንም ሌሊት ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። ጉልበቷን ስለሚያማት እኛ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተን «ተጋድማ ትምጣ» ብለን የቆረጥንላት ትኬት ነበር። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በዊልቸር እየተገፋች ስትወጣ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት በካልሲ ነበረች። «ወንበሩ እንዴት ነበር?» ስላት «ሰፊ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» አለችኝ። ወንበሩ አልጋ እንደሚሆን ማናችንም አልነገርናትም። ከጎኗ የነበረው ሰውዬ ዘርግቶ ሲተኛ አይታለች፤ «እኔ ብዘረጋው ከኋላዬ ያለውን ሰው አልጫነውም?» ብላ ተወችው። ሆስተሷ መጥታ «እማማ፣ ላንጥፍልዎት?» ስትላት ደግሞ «አይ ልጄ፣ አትልፊ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ እኔም ከመጋረጃው ወዲያ የመቀመጥ ዕድል አራት ጊዜ ገጥሞኛል፤ አንዴ በበረራ ባጠራቀምኩት ማይል፣ አንዴ ኢኮኖሚ ቆርጬ ወደ ቢዝነስ ለማለፍ በጨረታ ተጫርቼ፣ ሁለቴ መሥሪያ ቤት ከፍሎልኝ። ታዲያ በየጊዜው የማየው አንድ ነው። ሰዉ የከፈለው ለአልጋ ነው፤ ሌሊቱን የሚያጠፋው ግን በእራቱ፣ በወይኑ፣ በፊልሙና በፎቶው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። ምሳሌ የማደርገው ብዙ የተመላለስኩበትን የአዲስ አበባና የዋሽንግተን መስመር ነው።

«ቢዝነስ» የሚለውን አይቶ አውሮፕላኑን አለማየት

ቢዝነስ ክላስ ሲባል ወንበሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ክፍሉን በጠቅላላ «ክላውድ ናይን» ይለዋል፤ ውስጡ ግን እንደ አውሮፕላኑ ይለያያል። ዱባይ ለመሄድ ቢዝነስ የቆረጠ ሰው ቦይንግ 737 ከደረሰው የሚያገኘው ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ የሚጋደም ወንበር እንጂ አልጋ አይደለም። ለአራት ሰዓት መንገድ ምንም አይልም፤ አልጋ ጠብቆ የከፈለ ሰው ግን ይበሳጫል። በረጅሙ መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የገባው ቦይንግ 777-200 ኤልአር በየረድፉ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ወንበር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ቦይንግ 787 ድሪምላይነርና በ2016 የተከተለው ኤርባስ ኤ350-900 ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የገባው ኤ350-1000 ግን አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ስለሆነ ሁሉም ሰው ከወንበሩ ተነስቶ በቀጥታ ኮሪደሩ ላይ ይወጣል። በሌሎች አየር መንገዶችም ያው ነው፤ ስም አንድ፣ ወንበር ብዙ። አንዳንዱ ወንበር እስከ መጨረሻው ተዘርግቶም ዘንበል እንዳለ ስለሚቀር ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግርጌ ሲንሸራተቱ ያድራሉ።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የወንበሩን ካርታ ከፍተው ይቁጠሩ። ወኪልዎንም «አውሮፕላኑ ምንድን ነው? ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከአዲስ አበባ በፊትም ሆነ ከዋሽንግተን በኋላ ሌላ በረራ ካለዎት፣ ትኬቱ ላይ እሱም ቢዝነስ መሆን አለመሆኑን ለየብቻ ይዩ።

መስኮት፣ መስኮት ማለት

ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት በሆነ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ጋ የተቀመጠ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ ተዘርግቶ የተኛ ጎረቤቱን መሻገር አለበት። እኔ አንድ ሌሊት አንዱን እግሬን ኮሪደሩ ላይ አሳርፌ ሌላውን ገና ከመስኮቱ በኩል ሳላወጣ፣ ከሥሬ የተኙት ሽማግሌ ዓይናቸውን ገለጡ። ፈረስ ላይ እንደወጣ ሰው ተንጠልጥዬ ቀረሁ። እሳቸው ጨዋ ናቸው፣ «እለፍ፣ እለፍ» አሉኝ። እኔ ግን ዳግመኛ እንዳልነሳ ብዬ እስኪነጋ ውሃ ባፌ አልዞረም፤ ጠዋት ራሴን ለሁለት ሲፈልጠኝ ነቃሁ።

ብቻዎን ከሆኑ ከመካከለኛዎቹ ሁለት ወንበሮች አንዱን ይውሰዱ። ሁለቱም የየራሳቸው ኮሪደር ስላላቸው ማንንም አይሻገሩም፤ እርስዎንም የሚሻገር የለም። ከባለቤትዎ ጋር ከሆነ መስኮቱ ጥሩ ነው፤ መቼም እሷን ቢሻገሩ ወይም እሱን ብትሻገሪው ሰው አይታዘብም። መካከሉ ሦስት የሆነ አውሮፕላን ላይ ግን የመሐሉን ወንበር ከመውሰድ የኢኮኖሚ ኮሪደር ሳይሻል አይቀርም፤ ቢያንስ ያልከፈሉበት ነው።

የ00:30 ትኬት

ይኼኛው የእኛ ብቻ ስህተት ነው። ከቦሌ ብዙ የሌሊት በረራዎች ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብለው ወይም ትንሽ አልፈው ይነሳሉ። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ማታ ለሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጭኖ ቦሌ የሚደርስ ሰው አለ፤ በረራው ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የቢዝነስ ትኬት ሁሉ ገንዘቡ ይመለሳል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው፤ በርካሽ የተሸጠው ላይ የመቀየሪያ ቅጣት ሊኖር ይችላል። ቤተሰብዎን ሲያስጠነቅቁ «ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ ትገኛላችሁ» ብለው በእነሱ ሰዓት ይንገሯቸው።

ሌሊቱን አንድ ወጥ እንቅልፍ አድርጎ ማሰብ

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ክንፉም ሞተሩም የሚሰጡት ጉልበት ይቀንሳል፤ ሰውና ጭነት ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ የተሸከመ አውሮፕላን እንደ ልቡ መነሳት አይችልም። በዚህ የተነሳ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ ሲሞሉ ኖረዋል፤ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ በየዘመኑ ተፈራርቀዋል። ሲመለሱ ግን ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ ስለማይል ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱንም ከኋላ ይዞ፣ 13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

ይህ ከእንቅልፍ ጋር ምን አገናኘው? ሲያርፍና ሲነሳ ወንበርዎን ቀጥ ማድረግ ግዴታ ነው። ማለትም ስትሄዱ እንቅልፉ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ማታ 4 ሰዓት ገደማ ተነስታችሁ፣ እራቱ ከነቅድመ ምግቡና ከነአይቡ አንድ ሰዓት ተኩል ወስዶ፣ አንድ ፊልም አይታችሁ ጋደም ስትሉ፣ ማረፊያው ደርሶ «ወንበርዎን ቀጥ ያድርጉ» ትባላላችሁ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ እንዲህ ሆኜ የተኛሁት ሁለት ሰዓት አይሞላም።

አሁን የማደርገው እራቴን ላውንጅ፣ ማለትም ኤርፖርቱ ውስጥ ባለው የቢዝነስ ተሳፋሪዎች መቆያ ክፍል፣ መብላት ነው። ከመነሳታችን በፊት ለሆስተሷ «እራት አልፈልግም፣ ለማረፊያው እስክንቃረብ አትቀስቅሱኝ» እላለሁ። አውሮፕላኑ ከፍ እንዳለ ዘርግቼ እተኛለሁ። ነዳጁ ተሞልቶ ስንነሳ ምግቡም ፊልሙም ይደርሳል። ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ ማሰርን አይርሱ፤ ከሥር ካሰሩት አየሩ በተናወጠ ቁጥር ሆስተሷ ለማየት ስትል ትቀሰቅስዎታለች።

በመልሱ ደግሞ ይገለበጣል። ከደለስ ጠዋት ላይ ስለሚነሳ እንቅልፍ አይመጣም፤ እራስዎንም አያስገድዱ። አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ስለምትቀድም እዚያ መሽቷል። ቀስ ብለው ይብሉ፣ ይጫወቱ፣ የመጨረሻውን አምስት ስድስት ሰዓት ይተኙ፤ ጠዋት ቦሌ ሲደርሱ ዘመድ አቅፎ ሊስምዎ ነው የሚጠብቅዎ።

ላውንጅ ውስጥ ተስፋ ቆርጦ እንደሚበላ ሰው መብላት

እራት እዚያ ብሉ ስል ሠርግ ቤት ገብታችሁ ማለቴ አይደለም። ሆድ ሞልቶ ጠፍጣፋ ላይ መተኛት ቃር ነው።

ይሉኝታ

ከሁሉም ውድ የሚያስከፍለን ይሄ ነው። እኛ ቤት «በቃኝ» ማለት የጨዋታው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይመጣል፣ በሦስተኛው ይጎረሳል። አውሮፕላን ላይ ግን አንዴ «አመሰግናለሁ፣ በቃኝ» ካሏት ሆስተሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። የሚለምንዎት የለም፤ መጋበዝ አለመፈለግዎን ነው ያከበረችው። እንጀራውን በጋሪ ስታልፍ እያየ «ደግማ ብትጠይቀኝ» ብሎ በዓይኑ የሸኘ ሰው አውቃለሁ፤ አጎቴ ነው።

ስለዚህ ይጠይቁ። ሁለተኛ ትራስ፣ ውሃ በጠርሙስ፣ ወንበሩን እንድታነጥፍልዎት፣ ወጡን ትንሽ ጨምራ እንድታመጣ። በአንዳንድ በረራዎች የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሆስተስ በጀበና ቡና ትቀዳለች፤ እሱንም «ይድረሰኝ» ማለት ነውር የለውም። ቁልፎቹ ካልገቡዎት «አሳዪኝ» ይበሉ፤ እነዚያ ወንበሮች ላይ አብራሪ የሚያስፈልግ ይመስላል። አረጋውያን ወላጆች የሚልኩ ከሆነ ቤት ውስጥ ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍተው ወንበሩ ሲዘረጋ ያሳዩዋቸው፤ ከኋላ ያለውን እንደማይነካም ይንገሯቸው። ተቃራኒውም አለ፤ ጣቱን እያንቋቋ «ስሚ አንቺ» የሚል። እሱ በኢኮኖሚም ያው ነበር።

ጾም ከሆነ የጾም ምግቡን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ያስመዝግቡ፤ ተጭኖ የመጣው ተቆጥሮ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ቀኑ ስለሚረዝም ረቡዕ የማታልቅ ትመስላለች፤ በየትኛው አገር ሰዓት ይፈሰካል የሚለውን ለንስሐ አባትዎ ትቻለሁ።

ወይኑን በነጻ መቁጠር

«አልኮል ከፍታ ላይ ቶሎ ይመታል» ሲባል የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ይፈራል። አትፍሩ፤ ድሪምላይነርና ኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚጠበቀው። ከቦሌ የተነሳ ሰው በአየር ግፊት ረገድ እየወረደ ነው ማለት ነው! ችግሩ ድርቀቱ ነው። አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ይደርቃሉ፣ ወይኑ ላዩ ላይ ሲጨመር እንቅልፉ ይቆራረጣል። ለአንድ ብርጭቆ ወይን አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቁጠሩ፤ የእንቅልፍ ክኒንና መጠጥ ደግሞ ጨርሶ አይቀላቅሉ። አልጋ አለ ተብሎም እንደ ግንድ መጋደም አይደለም። ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቆየት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በነቁ ቁጥር እስከ መጋረጃው ሄደው ይመለሱ።

በጨረታ አድጎ ሻንጣውን እንደ ቢዝነስ መጫን

ኢኮኖሚ ቆርጠው በኋላ ተጫርተው ወደ ፊት ካለፉ፣ ብዙ ጊዜ የሻንጣ ፈቃዱ በመጀመሪያው ትኬት መሠረት ይቀራል። 23 ኪሎ የተፈቀደለት ሰው 32 ኪሎ ጭኖ ሲመጣ ቼክ ኢን ላይ በርበሬ ማራገፍ ይጀመራል። ያንን በርበሬ ወደ እጅ ሻንጣ ማዛወርም መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ካልተለየም ይቀራል። ሽሮም በሶም ከሥር ይጫን።

ቀድሞ መውረድን ቀድሞ መድረስ ማድረግ

ቢዝነስ ቀድሞ ይወርዳል። ደለስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ወደ ፓስፖርት አዳራሽ የሚወስድዎ ኤርፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት አብሮት የመጣው ዓይነት ትልቅ ተሽከርካሪ ክፍል ነው። እስኪሞላ ይቆማል። ቀድመው የገቡት እርስዎና ከ40ኛው ረድፍ ልጅ አቅፋ የመጣችው እናት አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ያቺን ጊዜ ፓስፖርትና የሚያርፉበትን አድራሻ ለማውጣት ይጠቀሙባት።

የሚወሰደውን ትቶ መውረድ

ብርድ ልብሱና ትራሱ የአውሮፕላኑ ናቸው። ካልሲ፣ የዓይን መሸፈኛና የጥርስ ብሩሽ ያለባት ትንሿ ቦርሳ ግን የእርስዎ ናት። እናቴ ካልሲውን ብቻ፣ ያውም ሆስተሷ አውጥታ ስላደረገችላት፣ ይዛ ወጣች፤ ቦርሳዋን እዚያው ወንበሩ ላይ ትታታለች። ለምን ስላት «ኤርፖርት ላይ ከማታውቁት ሰው ዕቃ አትቀበሉ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ።