ወላጅና ልጅ ፕሮሰስን በሶኬትፔር ማገናኘት
በሊኑክስ ላይ ወላጅ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) እና እሱ የፈጠረው ልጅ ፕሮሰስ በሁለቱም አቅጣጫ መረጃ እንዲለዋወጡ ሲፈለግ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያስተላልፈው ፓይፕ ይልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር የመጣው ሶኬትፔር (socketpair) የተባለው የሲስተም ጥሪ (ፕሮግራም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) ይመረጣል፤ ይህ ጥሪ እርስ በርስ የተገናኙ ሁለት ሶኬቶችን፣ ማለትም የመገናኛ ጫፎችን፣ ይፈጥራል።

ልጁን ፕሮሰስ የሚፈጥረውን ፎርክን (fork) ከመጥራትዎ በፊት፣ የሁለቱን ጫፎች መለያ ቁጥር የሚቀበል፣ ሁለት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚይዝ አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) አዘጋጅተው ሶኬትፔርን በኤኤፍ ዩኒክስ (AF_UNIX፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ለሚደረግ ግንኙነት) ዶሜይን፣ በሶክ ስትሪም (SOCK_STREAM፣ ተከታታይ የባይት ፍሰት) ዓይነትና በ0 ፕሮቶኮል ይጥሩት፤ -1 ከመለሰ ስህተቱን ሳይመረምሩ አይቀጥሉ። ከፎርክ በኋላ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ጫፍ ይዞ የሌላውን ይዝጋ። ይህን እርምጃ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ልጁ የወላጁን ጫፍ ቅጂ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ወላጁ ሥራውን ጨርሶ ቢወጣም እንኳ የልጁ ሪድ (read፣ የማንበቢያ ጥሪ) 0 መልሶ የመረጃውን ማብቂያ ስለማያሳውቅ፣ ልጁ የማይመጣ መረጃ ሲጠብቅ ይኖራል።

ሶክ ስትሪም የመልእክቶችን ድንበር አይጠብቅም፤ እያንዳንዱ መልእክት ለየብቻው እንዲደርስ ከተፈለገ ሶክ ሴክፓኬት (SOCK_SEQPACKET) የተባለው የሶኬት ዓይነት ይሻላል።