ኮሎኖስኮፒ ላይ የሚሰጠው የቁርጠት መርፌ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚታይበት ምርመራ፣ ሲደረግ አንጀት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይኮማተራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይኮማተራል። በተኮማተረ ቁጥር የካሜራው እይታ ይዘጋል፤ እጥፋት ውስጥ የተሸሸገ ፖሊፕም (ከአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እብጠት) ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል። ብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች አንጀትን የሚያፍታታውን ሃዮሲን በደም ሥር የሚሰጡት ለዚህ ነው። አብዛኞቻችን ቡስኮፓን በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። አሜሪካ ግን ስላልተፈቀደ ሲያስፈልግ ግሉካጎን የተባለ፣ አንጀትን የሚያፍታታ ሌላ መድኃኒት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ስህተት «መርፌ ከምወጋ ክኒኑን ቤቴ ውጬ ልሂድ» ማለት ነው። ከክኒኑ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው። መርፌው ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊግራም፣ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ይለቃል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች የሚሰጡት መሣሪያው የትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ዋናው ፍተሻ የሚካሄደው መሣሪያው ቀስ ተብሎ ሲወጣ ነውና፤ ይህም ቢያንስ 6 ደቂቃ ሊፈጅ ይገባል።

ሌላው ከማደንዘዣ ጋር ማምታታት ነው። ሃዮሲን አያስተኛም፤ ያ የእነ ሚዳዞላም ሥራ ነው። ለወገብ ሕመም የሚታዘዘው ጡንቻ ማፍታቻም አንጀትን አያፍታታም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የጤና ታሪክን መዝለል ነው። ነርሷ «እማማ፣ የዓይን ችግር አለብዎት?» ትላለች። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ጠብታ ብቻ ነው የማደርገው!» ያ ጠብታ የግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚመጣና የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ፣ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግላኮማ አይከለክልም። አስጊው በዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን የጠበበበትና ሕክምና ያላገኘው ነው፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ከምርመራው በኋላ ዓይንዎ ቀልቶ ካመመዎት፣ እይታዎም ከደበዘዘ፣ ነገ ሳይሉ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

ልብም እንዲሁ ነው። መርፌው የልብ ምትን ያፈጥናል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 የልብ ሕመምተኞች ላይ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚቸግራቸው አባቶችም ሳያፍሩ ይናገሩ። ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ላለበት ሰው መርፌው ጨርሶ አይሰጥም።

መርፌው ያልታጠበ አንጀትን አያካክስም። ተልባና ሌሎች ፍሬዎችን ሐኪምዎ በነገሩዎት ቀን ያቁሙ፤ የተልባ ፍሬ የመሣሪያውን ቀዳዳ ይደፍናል። ቀይ ሥርም ደም መስሎ ያሳስታል።

«መርፌ ከተወጋሁ ፖሊፕ አያመልጥም» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም፤ ጥቅም ያሳዩ አሉ፣ ምንም ለውጥ ያላዩም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንጀቱ አልፈታ ላለ ሰው መስጠቱ ያስኬዳል። ሐኪሙ መሣሪያውን ተቻኩሎ ካወጣው ግን መርፌው ምንም አይፈይድም።

መኪና ይዞ መምጣትም ይቅር። መርፌው ዓይን ያደበዝዛል፤ ማደንዘዣ ከወሰዱማ እስከ ማግስቱ መሪ አይጨብጡም።