«አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፦ ከኦፕን ሶርስ ዴቨሎፐሮች ጋር ስንነጋገር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ሆኜ የምሠራው ሥራ በአብዛኛው መሃል ላይ መቆም ነው። በአንድ በኩል በጎጃም ከተሞች ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሲስተም)፣ ሙድል (የትምህርት ሲስተም)፣ ሊብሬ ኦፊስ (የሰነድ መጻፊያ)ና ሌላ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች አሉ። በሌላ በኩል ሶፍትዌሩን የሚጽፉት ሰዎች፣ ዴቨሎፐሮቹ፣ አሉ፤ ብዙዎቹ ጎጃምን በካርታ ላይ እንኳን አያውቋትም። ችግር ሲፈጠር አቤቱታው በእኔ በኩል ያልፋል። አብዛኛው ችግር ሳይፈታ የሚቀረው ኮዱ ከብዶ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ስለማይደማመጡ ነው። ደጋግሜ ያየኋቸውን ልዘርዝር።

«አይሠራም» ብሎ መላክ

ይኼኛው ትዕግሥቴን ጨርሶታል። ከደብረ ማርቆስም ይምጣ ከሞጣ፣ ከዳንግላም ይምጣ ከፍኖተ ሰላም፣ መልእክቱ አንድ ነው፦ «ሲስተሙ አይሠራም።» ምኑ ነው የማይሠራው? አልከፍት አለ? ተከፍቶ ቀስ አለ? የይለፍ ቃል አልቀበል አለ? ወይስ ሪፖርት ሲወጣ ባዶ ገጽ ሰጠ? አንዱ የሰርቨር፣ አንዱ የኔትወርክ፣ አንዱ የኮድ ችግር ነው። «አይሠራም» የሚለው ቃል ሁሉንም ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ ምንም አይነግረንም።

ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጣውን ልንገራችሁ። «መጽሐፎቹ ከሲስተሙ ጠፍተዋል» ይላል። መረጃ ጠፋ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ባካፕ ፍለጋ ስንሯሯጥ ዋልን። በኋላ ለባለሙያዋ ደወልኩላት።

«እህቴ፣ ምን ብለሽ ነው የፈለግሽው?»

«ዓለም ብዬ።»

«በየትኛው?»

«በዓይኑ ዓ ነዋ! ትክክሉ እሱ አይደል እንዴ?»

ትክክል ናት። ግን መጽሐፎቹን የመዘገበው ሰው በአልፋው አ «አለም» ብሎ ነበር ያስገባቸው። ምንም የጠፋ ነገር የለም። እኛ አንድ ድምፅ አድርገን የምናነባቸው ፊደላት በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት የቁጥር ሥርዓት፣ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ኮምፒውተሩ እንደ ተለያዩ ነው የሚያያቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንደዚያው።

«መጽሐፎቹ ጠፍተዋል» የሚለው መልእክት ዴቨሎፐሩ ጋ ቢደርስ ኖሮ ዳታቤዙን ፈትሾ፣ ምንም አጥቶ፣ «ችግሩን ላየው አልቻልኩም» ብሎ ይዘጋው ነበር። የላክነው ግን እንዲህ የሚል ነው፦

«በካታሎጉ መፈለጊያ ላይ "ዓለም" ብዬ ስጽፍ ውጤት አይመጣም። "አለም" ብዬ ስጽፍ መጽሐፎቹ ይመጣሉ። በአማርኛ ሁለቱ ፊደላት አንድ ድምፅ ስላላቸው ሰው እያቀያየረ ይጽፋቸዋል። የጠበቅኩት በሁለቱም አጻጻፍ ተመሳሳይ ውጤት ነው።»

ከሥሩ ደግሞ የምንጠቀመውን ቨርዥን ጻፍን። በቃ። የግእዝን ፊደል አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳን ሁለቱን ቃላት ኮፒ አድርጎ ራሱ መሞከር ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንዳያችሁ ከሥሩ ጻፉ።

የስህተት መልእክት ከወጣ ደግሞ ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ። ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ የላካችሁትን ፎቶ ማንም በፍለጋ አያገኘውም። ነገ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሰው የሚፈልገው በቃላቱ ነው።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ብቻ መጻፍ

«ትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጆቹ 9:00 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ከተሞላ ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ የሚታየው 6:00 ነው። ዴቨሎፐሩ ግን ሎጉን ከፍቶ 3:00 ላይ ያለውን ያነባል፤ ያ ደግሞ ለእኛ ንጋት 12 ሰዓት ነው፣ ቢሮው እንኳን አልተከፈተም። ምንም አላገኘሁም ቢል አይፈረድበትም። ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ፤ ጳጉሜን 3 ስትሉት ምን ቀን እንደሆነ እንዲያውቅ አትጠብቁ።

መፍትሔውን ቴሌግራም ላይ ቀብሮ መተው

ቴሌግራም ግሩፖቻችን ጥሩ ናቸው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ። ግን የቡሬው ልጅ ችግሩን በድምፅ መልእክት ይናገራል፣ አንዱ በድምፅ መልእክት ይመልስለታል፣ ምስጋና ይዘንባል፣ አለቀ። በወሩ የእንጅባራው ያንኑ ይጠይቃል። ዴቨሎፐሮቹ ግን ችግሩ መኖሩን እንኳን አልሰሙም። በእነሱ ዓይን ያልተመዘገበ ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) እንደሌለ ይቆጠራል። መፍትሔው ሲገኝ አንድ ሰው ተነስቶ ፕሮጀክቱ ባግ በሚመዘግብበት ቦታ፣ ጊትሀብም ይሁን ባግዚላ፣ ያስገባው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሰው አስገብቶት እንደሆነ ፈልጉ። ካለ አዲስ አትክፈቱ፤ እዚያው ላይ የእናንተን ጨምሩ።

ምክንያቱን ሳይናገሩ መጠየቅ

ትምህርት ቤቶች «የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ይነሳልን» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ አይሆንም ነው፤ መጠየቃችሁ ብቻ ምክንያት ስላልሆነ። ዴቨሎፐሩ ያደገው ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ስም በሚጠራበት አገር ነው። እኛ ጋ ሁለተኛው ስም የአባት መሆኑን፣ ሴት ስታገባም ስሟ እንደማይቀየር አያውቅም። ሲስተሙ ተማሪዎችን በሁለተኛው ስም ሲደረድር የክፍሉ ዝርዝር በአባቶች ስም ተራ ይወጣል። መምህሯም ሰላማዊትን ስትፈልግ ገጹን ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። ይህን ንገሩት። የሳጥኑን መነሳት ተዉትና የመምህሯን ችግር ጻፉ። ምናልባት እናንተ ካሰባችሁት የተሻለ መፍትሔ አለው፤ ለምሳሌ ሳጥኑ እዚያው ሆኖ ዝርዝሩ በራስ ስም እንዲደረደር ማድረግ።

በቢሮ ደብዳቤ ቋንቋ ማዘዝ

«በአስቸኳይ እንዲስተካከልልን» የሚለው ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሆን ይሆናል። ከሥራ ሰዓቱ ውጪ፣ ያለ ክፍያ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ይመስላችኋል? የኤክስዜድ ዩቲልስን ታሪክ ስሙ።

ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ነው። በብዙ ሊነክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ። ለዓመታት የጠበቀው በዋናነት አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 «ለምን ይዘገያል? ለሌላ ሰው አስረክብ» የሚሉ መልእክቶች ይመጡበት ጀመር። ሰውየው የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት፣ ሥራውም ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ጻፈ። ግፊቱ አልቆመም። በመጨረሻ አጋዥ መስሎ ለቀረበ ሰው ሥልጣን አካፈለ። ያ አጋዥ በ2024 ሶፍትዌሩ ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም በድብቅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ኮድ፣ ቀበረ። ይጎተጉቱ የነበሩት አካውንቶች የዚያው ሴራ አካል እንደነበሩ በሰፊው ይታመናል። ማንም ያላስተዋላቸው ግን ተራ የተጠቃሚ ቁጣ ስለሚመስሉ ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር ለምደነዋል።

ጉዱን ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ዴቨሎፐር ነው። ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። መዘግየቱን ለካ፣ ከየት እንደመጣ ተከታተለ፣ ያየውን በቅደም ተከተል ጽፎ በፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይፋ አደረገ። «ዘገየብኝ» ብሎ ቢተወው ኖሮ በሩ ክፍቱን ይቀር ነበር።

በእንግሊዝኛ አፍሮ ዝም ማለት

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ቀኑን ሙሉ መረጃ የሚያስገባው ሰው ነው፤ እሱ ግን «እንግሊዝኛዬ አይረባም» ብሎ ዝም ይላል። በአጭር በአጭሩ ጻፉ። ከሚያነቡት ብዙዎቹም እንግሊዝኛን የተማሩት እንደ እናንተው ትምህርት ቤት ነው። ሰዋስው አይታረምም። ቁም ነገሩ ነው የሚፈለገው።

ስትጽፉ ግን አንድ ጥንቃቄ፦ የሰው መረጃ ያለበትን ስክሪን ሾት አትለጥፉ። የታካሚ ስም፣ ስልክ፣ የተማሪ ውጤት፤ በጭራሽ። የደኅንነት ቀዳዳ ካገኛችሁም በግል ለፕሮጀክቱ አሳውቁ እንጂ አደባባይ አታውጡት።

ዴቨሎፐሮቹስ?

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ለጀማሪ «መመሪያውን አንብብ» ብሎ መመለስ ያንን ሰው ለዘለዓለም ማጣት ነው። መልሱ ያለበትን ገጽ ሊንክ መስጠት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዛወር በአዲሱ ቨርዥን ማስታወቂያ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፤ እዚህ ያ ቁልፍ በታተመ ማሠልጠኛ ላይ በቀስት ተመልክቷል፣ ሠልጣኞቹም ወደየወረዳቸው ተመልሰዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ቦቱ፣ ማለትም ሪፖርቶችን ያለ ሰው የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ነው። መልስ ያልተሰጠበትን ሪፖርት ቀን ቆጥሮ በራሱ ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ተጨማሪ መረጃ የተጠየቀ ሰው በምን ይመልስ? ሲመለስ የሚያገኘው «እንቅስቃሴ ስለሌለው ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ነው። ቦቱ ይኑር ካላችሁ፣ እንደገና ለማስከፈት አንድ ቃል ይብቃ። ለተጠቃሚው ደግሞ ይህን እላለሁ፦ የተዘጋ ሪፖርት አልሞተም። ችግሩ በአዲሱ ቨርዥን ላይ መኖሩን አረጋግጣችሁ እዚያው ላይ ጻፉ።

ከወጣ በኋላ ማማረር

ሊብሬ ኦፊስ በየ6 ወሩ፣ በፈረንጆቹ የካቲትና ነሐሴ ላይ አዲስ ዋና ቨርዥን ያወጣል። ከዚያ በፊት ለሳምንታት የሙከራ ቅጂዎች ይለቀቃሉ፤ ማንም አውርዶ መሞከር ይችላል። በዚያ ጊዜ በአማርኛ ሰነድ የሚሞክር ሰው ጥቂት ነው። ከወጣ በኋላ «የፊደሉ አቀማመጥ ተበላሸ» የሚለው ግን ብዙ ነው። የነሐሴው ቅጂ የሚሞከረው ሐምሌ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒውተር ክፍሎች ባዶ ናቸው። ከመምህራኑ ሁለት የፈተና ወረቀት፣ አንድ የማርክ ሠንጠረዥ፣ ቁጥር የበዛበት አንድ ደብዳቤ ተቀበሉ። የሙከራውን ቅጂ ለብቻው በተለየ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ፋይሎቹን ክፈቱ፣ አስቀምጡ፣ እንደገና ክፈቱ፣ አትሙ። የተለወጠ ነገር ካለ ያንኑ ፋይል፣ የሰው ስም ከውስጡ አውጥታችሁ፣ ከሪፖርቱ ጋር አያይዙ።