የዓመቱን ሰንበታት ምንባብና ርእስ ማዘጋጀት፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ምስባክ

የሰንበት ትምህርት ቤት የዓመት ዕቅድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ አውጥቶ ቀኑን ብቻ እየቀየሩ መገልበጥ ነው። እስከ ጥምቀት ድረስ ይህ ብዙም አያስነቅፍም። ከጥምቀት በኋላ ግን ሁሉም ይናጋል። በ2018 ዓ.ም. በጥምቀትና በዘወረደ (የዐቢይ ጾም መግቢያ እሑድ) መካከል የነበሩት እሑዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ጥር 17፣ ጥር 24 እና የካቲት 1። በ2019 ዓ.ም. ግን ስድስት ይሆናሉ። ያለፈውን የገለበጠ አዘጋጅ ሦስት እሑድ ባዶ ይቀርበታል፣ ወይም ዐቢይ ጾምን ሳይገባ ያስገባዋል። ስለዚህ ዕቅዱ ሁልጊዜ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ከሚወጣበት ስሌት፣ ከባሕረ ሐሳብ ይጀምራል፤ የየዕለቱን ምንባብ የሚያሳየው መጽሐፍ፣ ግጻዌ፣ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ግጻዌ፣ ግእዝ ዳዊት፣ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሰፊ ወረቀትና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ አይያዙ፤ ከካህናቱ ጋር ሲመክሩበት የሚለወጥ ነገር አይጠፋም።

መጀመሪያ ነነዌን ማግኘት

ነነዌ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድማ የምትገባ ጾም ናት፤ ቀናቸው በየዓመቱ የሚለዋወጥ በዓላትና አጽዋማት ከእርሷ ይቆጠራሉ። የ2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ላይ 2019 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7519 ይሆናል። ይህን ለ4 ሲያካፍሉት 1879 ይደርስና 3 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው፤ እንግዲህ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። 1879 የተባለው መጠነ ራብዒት ነው፤ እሱን ከ7519 ጋር ደምረው 9398ን ለ7 ያካፍሉ። 4 ይተርፋል። ቀሪው 0 ሲሆን ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ እያሉ ሲቆጥሩ 4 ዓርብ ነው፤ መስከረም 1 ዓርብ ይውላል ማለት ነው።

ቀጥሎ 7519ን ለ19 ያካፍሉ፤ 14 ይተርፋል። አንድ ሲቀንሱለት ወንበሩ 13 ነው። ወንበርን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ (30 እየቀነሱ ቀሪውን መያዝ) አበቅቴን ይሰጣል (143፣ ማለትም 23)፤ በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ መጥቅዕን ይሰጣል (247፣ ማለትም 7)። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷልና ወደ ኋላ ይመለሱ።

መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱ አያጋጥምም። የ2019 መጥቅዕ 7 ስለሆነ ጥቅምት 7 ነው። መስከረም 1 ዓርብ ከዋለ ጥቅምት 1 እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይሆናል። የዕለት ተውሳክ (በዓለ መጥቅዕ በዋለበት ዕለት የሚደመረው ቁጥር) የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2፣ የቅዳሜ 8 ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው በቅዳሜ ነው፤ ቁጥሩ እየወረደ መጥቶ 1 ላይ የሚያርፍ ስለሚመስል። መጥቅዕ 7 እና የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 15 ይወጣል። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ በየካቲት ነው፤ የካቲት 15። በመስከረም ውሎ ቢሆን ነነዌ በጥር ትሆን ነበር፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ደግሞ 30 ገድፎ ወደ የካቲት መሻገር ነው። ለ19 ሲካፈል 1 በሚተርፍበት ዓመት ወንበር አልቦ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መጥቅዕ 30 ተብሎ መስከረም 30 ይውላል። 2025 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነው።

ከነነዌ ወዲያ ያለው ተውሳክ መደመር ብቻ ነው፦ ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 41፣ ሆሳዕና 62፣ ስቅለት 67፣ ትንሣኤ 69፣ ርክበ ካህናት 93፣ ዕርገት 108፣ ጰራቅሊጦስ 118፣ ጾመ ሐዋርያት 119፣ ጾመ ድኅነት 121። በ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ደብረ ዘይት መጋቢት 26፣ ሆሳዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ርክበ ካህናት ግንቦት 18፣ ዕርገት ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ይውላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ነነዌ ሰኞ፣ ትንሣኤ እሑድ፣ ዕርገት ሐሙስ ካልዋለ አንድ ቦታ ስህተት አለ። ትንሣኤም ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም።

ቋሚዎቹን መሙላት

አሁን በቀን የሚሄዱትን ወቅቶች ያስገቡ። ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ በ2019 አምስት እሑዶች ያገኛል፣ ከጥቅምት 1 እስከ 29። በአንዳንድ ዓመት ስድስት ስለሚሆኑ የጽጌን ትምህርት በአምስት ክፍል ብቻ ቆርጦ ማስቀመጥ አያዋጣም። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ኖላዊ ነው። እያንዳንዱ ሰባት ቀን ስለሆነ አንድ እሑድ ብቻ ይይዛል፤ በ2019 ታኅሣሥ 11፣ 18 እና 25። የእነዚህ ሦስት እሑዶች ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት ቃል) ተያይዞ የሚሄድ ስለሆነ ለአንድ መምህር ቢሰጥ ይሻላል፦ በስብከት «ፈኑ እዴከ እምአርያም» (መዝ. 143) ከዮሐ. 1፥44 እስከ ፍጻሜ ጋር፣ በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» (መዝ. 42) ከዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ጋር፣ በኖላዊ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አፅምዕ» (መዝ. 79) ከዮሐ. 10፥1-22 ጋር። የነቢያት ልመና ከነመልሱ በሦስት ሳምንት ይነገራል። በሦስት መምህር ሲከፋፈል ይኸ መያያዝ ይጠፋል።

የክረምቱ ክፍል ከሰኔ 26 ይጀምራል። ዘር፣ ደመና፣ መብረቅ፣ ዕጕለ ቋዓት እያለ የሚሄደው ንባብ ለሕፃናት ክፍል ከሁሉ የሚቀልለው ነው፤ በደጅ የሚያዩትን ዝናብ ነው የሚያነቡት።

የዐቢይ ጾም እሑዶች

የ2019 ቀኖች ከነምንባባቸው እነሆ። የመጀመሪያው የጳውሎስ መልእክት ነው፤ ዲያቆኑ ያነበዋል። ሁለተኛውን ንፍቅ ዲያቆኑ፣ የሐዋርያት ሥራን ንፍቅ ካህኑ፣ ወንጌሉን ሠራዒው ካህን ያነባሉ። «መዝ.» የተባለው ምስባኩ ነው። በግጻዌው ቅጂ የመጨረሻው ቁጥር በአንድ ሁለት ሊለያይ ይችላል፤ አጥቢያችሁ የሚገለገልበትን ተከተሉ።

ዘወረደ፣ የካቲት 28፦ ዕብ. 13፥7-17፤ ያዕ. 4፥6-ፍጻሜ፤ ሐዋ. 25፥13-ፍጻሜ፤ መዝ. 2፥11፤ ዮሐ. 3፥10-24።
ቅድስት፣ መጋቢት 5፦ 1ኛ ተሰ. 4፥1-12፤ 1ኛ ጴጥ. 1፥13-ፍጻሜ፤ ሐዋ. 10፥17-29፤ መዝ. 95፥5፤ ማቴ. 6፥16-24።
ምኵራብ፣ መጋቢት 12፦ ቈላ. 2፥16-ፍጻሜ፤ ያዕ. 2፥14-ፍጻሜ፤ ሐዋ. 10፥1-8፤ መዝ. 68፥9፤ ዮሐ. 2፥12-ፍጻሜ።
መፃጉዕ፣ መጋቢት 19፦ ገላ. 5፥1-ፍጻሜ፤ ያዕ. 5፥14-ፍጻሜ፤ ሐዋ. 3፥1-11፤ መዝ. 40፥3፤ ዮሐ. 5፥1-24።
ደብረ ዘይት፣ መጋቢት 26፦ 1ኛ ተሰ. 4፥13-ፍጻሜ፤ 2ኛ ጴጥ. 3፥7-14፤ ሐዋ. 24፥1-21፤ መዝ. 49፥2-3፤ ማቴ. 24፥1-35።
ገብር ኄር፣ ሚያዝያ 3፦ 2ኛ ጢሞ. 2፥1-15፤ 1ኛ ጴጥ. 5፥1-11፤ ሐዋ. 1፥6-8፤ መዝ. 39፥8፤ ማቴ. 25፥14-30።
ኒቆዲሞስ፣ ሚያዝያ 10፦ ሮሜ 7፥1-12፤ 1ኛ ዮሐ. 4፥18-ፍጻሜ፤ ሐዋ. 5፥34-ፍጻሜ፤ መዝ. 16፥3፤ ዮሐ. 3፥1-11።

ሆሳዕና የራሱ ሥርዓት አለው፤ በዑደቱ የአራቱም ወንጌላውያን ንባብ ስለሚነበብ እንደ ተራ እሑድ አይታቀድም፣ ትምህርቱም አጭር ይሁን። ከሰኞ ጀምሮ ያለው ሳምንት በግብረ ሕማማት፣ በሰሙነ ሕማማት የንባብ መጽሐፍ፣ ይመራል።

ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ሁለት ጊዜ መምጣቱን ልብ ይበሉ። በዘወረደ ከቁጥር 10 ወዲህ ያለው፣ በኒቆዲሞስ ከ1 እስከ 11 ያለው ነው የሚነበበው። የዘወረደ መምህር ስለ ዳግመኛ መወለድ አስተምሮ ሲጨርስ የሰባተኛው እሑድ መምህር የሚናገረው ያጣል። በዘወረደ ከሰማይ የወረደውንና የእባቡን ምሳሌ ብቻ ይያዙ። ማቴዎስ 25ም እንዲሁ ነው፤ የገብር ኄር ንባብ የመክሊቱ ምሳሌ እንጂ የዐሥሩ ደናግል አይደለም።

ርእሱን ከምንባቡ ማውጣት

ከእሑዱ ስም ብቻ ተነሥቶ መስበክ የተለመደ ነው፤ ስሙ ግን በር እንጂ ቤቱ አይደለም። ሥራው በምስባኩ ይጀመር። የመፃጉዕን ምስባክ ይመልከቱ፦

እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ
ወይመይጥ ሎቱ ኵሎ ምስካቦ እምደዌሁ
አንሰ እቤ እግዚኦ ተሣሃለኒ

መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ አልጋና ስለ ደዌ ይናገራሉ፤ ሦስተኛው «ማረኝ» ይላል። ይህን ይዘው ሌሎቹን ሲያነቡ ሐዋ. 3 በመልካም በር የተቀመጠውን አንካሳ፣ ያዕ. 5 ለታመመ ሰው የሚጸልዩትንና ዘይት የሚቀቡትን ቀሳውስት ያመጣል። እነዚህ ከሠላሳ ስምንት ዓመቱ በሽተኛ ጋር ወዲያው ይገጥማሉ። የማይገጥም የሚመስለው ገላትያ 5 ነው፤ ስለ ነፃነት፣ ስለ ሥጋ ሥራና ስለ መንፈስ ፍሬ ነው የሚናገረው። ወንጌሉን ግን ቁጥር 14 ድረስ ይከተሉት፦ ጌታ ያን ሰው በመቅደስ አግኝቶ «ዳግመኛ ኃጢአት አትሥራ» አለው። አልጋውን ተሸክሞ የወጣ ሰው ከዚያ ወዲያ እንዴት ይኑር ለሚለው ገላትያ ነው የሚመልሰው፤ የምስባኩም ሦስተኛ ቃል ትርጉሙን እዚህ ያገኛል። የእሑዱ ርእስ «ፈውስ» ብቻ ሲሆን ግማሹ ምንባብ ይወድቃል። «ከተፈወሱ በኋላ» ቢባል አምስቱም ይገባሉ።

በየእሑዱ እንዲህ ያድርጉ፤ አልገጥም ያለውን ንባብ ለይተው ከወንጌሉ የትኛው ቁጥር እንደሚመልስለት ይፈልጉ። ሁልጊዜ አይገኝም። ሲገኝ ግን የትምህርቱ ዋና ነገር ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

በግጻዌ ላይ ያለው የመዝሙር ቁጥር የግእዙ ነው። በግእዙ 9ኛውና 10ኛው አንድ መዝሙር ስለሆኑ ከዚያ ወዲያ እስከ 147 ገደማ ድረስ የዕብራይስጡን አቆጣጠር ከተከተለው አማርኛ በአንድ ያንሳል። የግጻዌው መዝ. 95 በዚያ ዕትም 96 ነው። ከስልክ የሚያነብ ወጣት የተሳሳተ መዝሙር ይዞ የሚመጣው በዚህ ነው። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ከቁጥሩ ጎን የምስባኩን መነሻ ቃል ይጻፉ።

ለአንድ ቀን ግጻዌ ላይ ዘነግህ (የማለዳው) የሚል ምስባክና ወንጌል፣ ዘቅዳሴ የሚል ሌላ አለ። ትምህርቱ የሚሰጠው ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ ምእመኑ የሰማው የቅዳሴውን ነውና እሱን ይያዙ።

የበዓላት መደራረብ ደግሞ በየዓመቱ አለ። በ2019 ቅድስት እሑድ መጋቢት 5፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት ናት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ በዓሉ በጥቅምት 5 ይከበራል፤ መጋቢት 27 ወደ ጥቅምት 27፣ መጋቢት 29 ወደ ታኅሣሥ 22 እንደሚዞሩት ማለት ነው። ስለዚህ ለመጋቢት 5 የአቦን መዝሙር በከበሮ ማስጠናት ከንቱ ድካም ነው። ሚያዝያ 23፣ የጊዮርጊስ በዓል፣ በዚያ ዓመት ቅዳም ስዑር ላይ ያርፋል። ግንቦት 1 ደግሞ ልደታ ለማርያምም ነው ዳግም ትንሣኤም ነው፤ የዳግም ትንሣኤ ወንጌል ዮሐ. 20፥19-ፍጻሜ፣ የቶማስ ታሪክ ነው። ታቦተ ልደታ ባለበት አጥቢያና በሌለበት የቀኑ አያያዝ አንድ ላይሆን ስለሚችል ይህን ቀን በእርሳስ ከበው አስተዳዳሪውን በጥቅምት ይጠይቁ፤ በሚያዝያ መጨረሻ መጠየቅ ለዘማሪዎቹ አይደርስም።

በውጭ አገር ላሉ አጥቢያዎች ሁለት ነገር ይጨመራል። በሥራ ቀን የሚውል በዓል ብዙ ቦታ በቅርብ ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ስለሚከበር፣ ያ እሑድ የራሱ ምንባብ እንዳለው ሳይረሱ ለሁለቱም ቦታ ይተዉ። ሌላው የፈረንጅ ቀን መለወጥ ነው። የ2019 ጳጉሜን 6 ስለሆነች መስከረም 1 ቀን 2020 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ 2028 መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ልደት በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆያል፤ ጥምቀት ግን ጥር 11 እንዳለች ጃንዋሪ 20 ትሆናለች። አዳራሽና ሜዳ የሚከራይ ኮሚቴ በየዓመቱ ጃንዋሪ 19 እያለ ከያዘ፣ በ2020 የጥምቀቱን ሳይሆን የከተራውን ቀን ነው የተከራየው።