የድሮ ቮልስ ሲያምርዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ያደገ ሰው ቮልስ ስትመጣ ዞር ብሎ ሳያይ በድምፅዋ ይለያታል። አሁን ደግሞ በዚያ ዘመን ያልነበሩ ወጣቶች ጭምር ቮልስ፣ ሰይቼንቶ (ፊያት 600) እና ፔጆ 404 ማጠያየቅ ይዘዋል። ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ሰው የሚወደው መልኳን መሆኑ ነው። እነዚህ መኪኖች እስከ ዛሬ የቆዩት የማደያው ልጅ፣ ጎሚስታውና መካኒኩ በየሳምንቱ ይነካኳቸው ስለነበር ነው፤ ያ ሁሉ እጅ ዛሬ የለም፤ ሥራው የእርስዎ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው። አብዛኛው ጠያቂ የሚፈልገው ቮልስን ስለሆነ እኔም በእሷ ላይ አተኩራለሁ።

ቀለም አይቶ መግዛት

የሚያብለጨልጭ አዲስ ቀለም ሊያስደስትዎ ሳይሆን ሊያስጠረጥርዎ ይገባል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሩ ግርጌና በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ያስኪዱት። ይዞ የነበረው ማግኔት አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከለቀቀ እዚያ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ቀጥሎ የኋላ መቀመጫውን ያንሱ። ባትሪው በቀኝ በኩል እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ ለዓመታት የሚንጠባጠበው ወለሉ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው። ምንጣፉን ሲገልጡ አስፋልት የሚያሳዩ ቮልሶች አሉ፤ ቀልድ አይደለም። በዚያው የባትሪው ክዳን መኖሩን ያረጋግጡ። ክዳኑ ከጠፋ፣ ከበድ ያለ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ጫፎች ይነካና መቀመጫው ሊቀጣጠል ይችላል።

ወሬ መግዛት

ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቮልስ ያለ ታሪክ አትሸጥም፤ ሻጩ የሚኒስትር ነበረች፣ የአምባሳደር ነበረች ሲልዎ ፈገግ ብለው ሊብሬውን ይጠይቁ። የሻሲ ቁጥሩ በኋላ መቀመጫው ሥር፣ በወለሉ መሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ግርጌ ይገኛል። በዚህ ዕድሜ ሞተር መቀየሩ ነውር የለውም፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ግን ከክፍያ በፊት ሻጩ ያስተካክል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ “ከእንግዲህ ወርቅ ናት” የሚል ደላላ ቢያጋጥምዎም አይቸኩሉ።

እንደ ውሃ ሞተር መያዝ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ የሚዞር ማራገቢያ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው ደግሞ አንድ ፋን ቤልት ብቻ ነው። በሌላ መኪና ቀይዋ የዲናሞ መብራት ብትበራ “እንደምንም ቤት ልድረስ” ይባላል። እዚህ አይባልም። ሜክሲኮ አደባባይ መሃል ቢሆኑ እንኳን ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ፤ ቤልቱ ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል።

መለዋወጫ ቤልት፣ 21 ቁልፍና ጠንካራ ካቻቢቴ ከመኪናዋ አይለዩ። ካቻቢቴውን የዲናሞው ፑሌ (ቤልቱ የሚዞርበት ጎማ መሰል ብረት) ላይ ባለችው ቆረጥ ውስጥ ሰክተው ዳዶውን ይፍቱ። ፑሌው ለሁለት ይከፈላል፤ በመሃሉ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ቤልቱ ከላላ አንዷን ከመሃል አውጥተው ከውጭ በኩል ይደርቧታል፤ ከጠበቀ ከውጭ ያለችውን ወደ መሃል ይመልሷታል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው። ይህችን ነገር አንድ ጊዜ በራሱ እጅ የሠራ ሰው መኪናዋን ለምን እንደሚወዳት ይገባዋል።

ሌላው፣ ሞተሩን የከበቡትን ላሜራዎችና የጎማ ማሸጊያዎች “ምን ያደርጋሉ” ብሎ መጣል ነው። ከታች ያለው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ ማራገቢያው ሞተሩን በራሱ ሙቀት ያበስለዋል።

ዘይት በግምት መሙላት

የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ፊልትሮ የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ነው፤ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየር ግድ ነው።

ሞተሩ ሳይበርድ ቫልቭ ማስተካከል

“ጠብቁኝ፣ አሁኑኑ ላስተካክልልዎ” የሚል መካኒክ ቢያገኙ ቁልፉን ተቀብለው ይሂዱ። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲበርድ ነው፤ መኪናዋ ጋራዥ ትደርና ጠዋት ይሠራ። አብዛኛዎቹ ሞዴሎች 0.15 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ አንድ ገዝተው የራስዎ ያድርጉ። የፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረውን መክፈቻና መዝጊያ) ክፍተትም፣ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ በእሱው ይለኩታል።

የአዲስ አበባን ከፍታ መርሳት

ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ለጠረፍ በተሠራ ካርቡሬተር እዚህ ከነዱ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። ካንዴላውን ፈተው ይመልከቱ፦ በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ መኪናዋ ከሚገባት በላይ እየጠጣች ነው። አነስ ያለ ጂግለር (የካርቡሬተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ማስገባት ይረዳል። ነገር ግን ከልክ በላይ አያሳንሱት፤ ወደ አዋሽ ሲወርዱ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል።

የድሮውን ማደያ መጠበቅ

ያኔ ባለ ስድስት እግር ውሻው አጂፕ ወይም ባለ ክንፍ ፈረሱ ሞቢል ሲገቡ ልጁ መስታወት ይጠርግ ነበር፣ ዘይት ያይ ነበር፣ ንፋስ ይለካ ነበር። ማደያው የሰፈሩ ስም እስከመሆን ይደርሳል፤ ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ምስክር ነው። ዛሬ ሰልፍ ጠብቀው፣ በስልክዎ ከፍለው ይወጣሉ። ይህን ለመውቀስ አይደለም፤ ያኔ ሌላው ይሠራልዎ የነበረውን ዛሬ እርስዎ ካልሠሩት ማንም አይሠራውም ለማለት ነው። ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ወዲህ ያለች ቮልስ በአብዛኛው የፊት እግሯ ላይ አራት የግራሶ መግቢያ አላት። ላባጆ ሲወስዷት ግራሶ መደረጉን ቆመው ይዩ፤ የጋለ ሞተር ላይ ውሃ እንዲረጩባትም አይፍቀዱ።

ጎሚስታው ጋ ደግሞ ዝም አይበሉ፤ ሳይጠየቅ አራቱንም 32 ፒኤስአይ ይሞላል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ለፊት 18፣ ለኋላ 27 ገደማ ነው የሚበቃት። አራቱን እኩል ካደረጉ መሪው ይቀልልና ኩርባ ላይ ኋላዋ ይሸሻል። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ግን እስከ 42 ይሙሉት፤ በብዙ ሞዴሎች የመስታወቱን ውሃ የሚረጨው የስኮርታው ንፋስ ነው። ከድሮ ብልሃቶች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ባትሪ ሳይጠይቁ መቀየር

ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል በፊት የተሠሩት በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው። 12 ቮልት ከሰኩ አምፖሎቹ ይቃጠላሉ።

አሮጌውን ዕቃ ጋራዥ ጥሎ መሄድ

ሶማሌ ተራ ያገኙት አዲስ ዕቃ ከተፈታው የተሻለ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ካርቡሬተር ወይም ዲናሞ ብዙ ጊዜ ታጥቦና ታድሶ ይሠራል። የተፈታውን ሁሉ በካርቶን ይዘው ይመለሱ።

ሸራ አልብሶ ማቆም

ክረምቱን ሙሉ የቆመች መኪና የፍሬን ሲሊንደሯ ይነክሳል፣ ካርቡሬተሯ ውስጥ ቤንዚን ይደርቃል፣ የቤንዚን ጎማዋም ይሰነጣጠቃል። በሳምንት አንድ ቀን ትንሽም ቢሆን ያንቀሳቅሷት። ከቆየች በኋላ የመጀመሪያ መንገድዎ ግን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና አይሁን። መጀመሪያ ሜዳ ቦታ ላይ ፍሬን ይርገጡ፤ ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ የማይጠነክር ከሆነ ፍሬኑ ይስተካከል። ቁልቁለቱን ሲወርዱም በሦስተኛ ማርሽ ይያዟት እንጂ ፍሬን ላይ ብቻ አይተማመኑ።