የትምህርት ቤት የጋራ ጓሮ እንዴት ይጀመራል?

ዝናብ ሲኖር ተማሪ የለም፤ ተማሪ ሲኖር ዝናብ የለም። ጎጃም ውስጥ የትምህርት ቤት ጓሮ ፈተናው ይኸው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲያወርደው ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ክፍሉ ሞልቶ መሬቱ ይደርቃል። ስለዚህ ከርእሰ መምህሩና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር እንደተስማማችሁ ከቦታው በፊት ውኃውን ፈልጉ።

ለቧንቧው ወይም ለጉድጓዱ የቀረበ ቦታ ይሻላል፤ ሕፃን ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ግቢውን አያቋርጥም። ከባሕር ዛፉ ግን ራቁ፤ ሥሩ ውኃውን ቀድሟችሁ ይጠጣዋል።

ቀጥሎ አጥር። እኛ ጎመኑን ተክለን አጥሩን «ለሚቀጥለው ሳምንት» አልነው። አዝመራ ተነሥቶ ከብት የሚለቀቅበት ጊዜ ነበርና ፍየሎች በአንድ ከሰዓት ግንዱን ብቻ አስቀሩልን። እሾሁ ይቅደም።

መደቡ ስፋቱ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ ልጅ ከዳር ቆሞ፣ አፈሩን ሳይረግጥ መሐሉን መድረስ አለበት። የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ቀይ አፈሩ ብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ የምድጃ አመድ በስሱ መበተንም ይጠቅማል።

የጎመንና የሽንኩርት ዘር መስከረም ላይ በችግኝ መደብ ይዘራል። ጎመኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ለተከላ ይደርሳል። ፀሐይ ሲበርድ፣ አፈሩን አርሳችሁ ትከሉ። ልጁ ችግኙን በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይያዘው፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ አያገግምም። አፈሩን በጣቱ ጠቅጠቅ ካደረገ በኋላ ቅጠሉን ቀስ ብሎ ይሳበው። ተነቅሎ ከመጣ እንደገና ይትከል። ልጆች ይችን ፈተና ይወዷታል፤ አንዳንዱ የጓደኛውንም ካልሳብኩ ይላል።

ደጋ ከሆናችሁ፣ በጮቄ ግርጌ ወይም በእንጅባራ በኩል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቲማቲሙን ይጠብሰዋል። ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ይችሉታል። ቃሪያና ቲማቲም ለወይና ደጋው ይሁን።

ውኃ የማጠጣቱን ተራ በክፍል አከፋፍሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ማን እንደሚመጣም አብራችሁ ጻፉ። ጓሮ የሚደርቀው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው።

ለክረምቱ የእኔ ምክር፣ ሰኔ ሲገባ መሬቱን ለአንድ ጎረቤት ወላጅ በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሁለት ለመካፈል፣ መስጠት ነው። እሱ ድንች ይተክላል፣ ያርማል፣ ይጠብቃል። ድንቹ መስከረም ላይ ሲቆፈር ልጆቹ ተመልሰዋልና ቆፋሪ አይጠፋም። ውሉን ግን ዝምድና ቢኖርም በጽሑፍ አድርጉት፤ ዘሩን ማን እንደሚያወጣም ይጠቀስበት።